የውሃ ቀጂው ቦታ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውብነሽ እኅቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ምክንያት አልደረድርም። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ህንዳዊት መምህራችን ሚስ ኩርየን ለዘገየ የቤት ሥራ ምክንያት አይሰሙም ነበር፤ አንቺም እንደሳቸው ሆነሽ አንብቢኝ። ጉልበቴ ካለፈው ክረምት ይሻላል። ቅድስት ደህና ናት፤ አሁንም ካልቨር ሲቲ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነን፤ ልጄ መሆኗን ረስታ የእኔ እናት ሆናለች።

ጆሮሽ መባሱን አንብቤ አዘንሁ። ስልኬን ካልሰማሽ እንግዲህ የቀረን ወረቀት ብቻ ነው። ማዕዶት ደብዳቤዎችሽን ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ልትልክልኝ እንዳሰበች ጽፈሻል። የእኅትሽ ልጅ ለደግ ብላ ነው፤ ግን አይሆንም። ደብዳቤ ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ ታሽጎ በሰው እጅ ይመጣል። መንገደኛው ፌርፋክስ ላይ አሳምነው ሱቅ ይተውልኝ። አሳምነው ከጤፉ ከረጢት በላይ የደብዳቤ ካርቶን አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በሰባ አራት ዓመቴ ሰው ቤት ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኛል፤ የጠየቅሽበትን ቃና አልወደድሁትም። ዌስትዉድ ውስጥ በሳምንት አራት ቀን የምጠብቃቸው ሴት አሉ። ሚስስ ሎክዉድ ይባላሉ፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። አእምሯቸው እየራቀ ነው። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ የልጃቸውን የግራንትን ስም ይረሳሉ፤ የእኔን ስም አንድ ቀን እንኳ ይዘውት አያውቁም። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ካስተማርሁ በኋላ የማላፍርበት ሥራ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሥዕሎቹ ነው። ከመኝታ ቤታቸው እስከ መመገቢያ ክፍሉ ረጅም ኮሪደር አለ። በአንድ በኩል፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ ዐሥራ ሁለት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሚስስ ሎክዉድ የሩቅ አያት ህንድ አገር የእንግሊዝ መኮንን ነበሩ፤ የቤታቸውን አገልጋዮች አንድ በአንድ በአገሬው ሠዓሊ ፊት አቁመው አሣሏቸው። ሠዓሊው ከኋላቸው ምንም አልሣለም። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሰማይ የለም። ባዶ ወረቀት ላይ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ብቻ አጭር ጥላ አለ። እያንዳንዱ የሥራውን ዕቃ ይዟል። ውሃ ቀጂው ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ስልቻ አዝሏል፤ ከስልቻው አፍ ውሃ ጠብ ሲል ይታያል። ሞግዚቷ ነጭ ሕፃን ታቅፋለች። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ ይዟል። ከሥር የተጻፈው የሥራው ስም ብቻ ነው፤ «ውሃ ቀጂ»፣ «ልብስ አጣቢ»፣ «በረኛ»። የሰው ስም የለም።

ስሞቹ ያሉት ሚስስ ሎክዉድ ዘንድ ነው። በሞግዚቷ እቅፍ ያለችው ሕፃን የአያታቸው አያት ነበረች። ያሳደጓትን ሰዎች ስም ለልጆቿ አስጠናች፤ እነሱም ለልጆቻቸው፤ እንደ ዳዊት በቃል እየወረደ እዚህ ደረሰ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የማያውቁት ሴት እጃቸውን በየፍሬሙ እያሳረፉ «ላድሊ፣ ጉላብ፣ ኢማም ባክሽ፣ ፒር ካን» እያሉ ዐሥራ ሁለቱንም ሳይሳሳቱ ይጠራሉ። መንገዳቸውንም የሚያውቁት በዚሁ ነው። ሦስተኛው፣ ውሃ ቀጂው ኢማም ባክሽ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ትይዩ ነው፤ እሱን ሲያዩ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ በሩን ማንም አያሳያቸውም።

ስም ሳልጠራ ትምህርት ጀምሬ አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ። እሳቸው ሲጠሩ ከየሥዕሉ «አቤት» የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። ዝም ሲሉ «ቀሪ» ብዬ መመዝገብ ይቃጣኛል። ግራንት አንዱንም ስም አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም በደብተር ጻፍኋቸው፤ ግልባጩን በዚህ ወረቀት ጀርባ ታገኚዋለሽ። ሚስስ ሎክዉድ ሲያልፉ አብረው እንዳያልፉ አንዱ ቅጂ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።

ሣህሊቱ


ደሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፣

እንኳን ጉልበትሽን ተሻለሽ። የእኔ ጆሮ እንዳለ ነው። ሰው ሲያወራኝ አፉን ነው የማየው፤ ከብዙ ሰው ወሬ ድኛለሁ።

ስለ ቃናዬ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ወረቀት ላይ ቃና የምትሰሚ አንቺ ብቻ ነሽ። ሥራሽን ንቄ አይደለም። አዝኜልሽ ነው። ለአንቺ ማዘን ከመናቅ የባሰ ስድብ እንደሆነ ዘንግቼ ነው የጻፍሁት።

ብቻዋን ናት ብለሽ እንዳታዝኚልኝ፣ ብቻዬን አልሆንም። የኋላውን ክፍል ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር ህንዳዊ ዶክተር አከራይቼዋለሁ። ከገና በኋላ ይገባል። ሚስ ኩርየንን ያስታውሰኛል፤ እሱም ወንበር ላይ ጀርባውን ሳያስደግፍ ነው የሚቀመጠው።

ዝርዝርሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የተማሪ መዝገብ ይዘሽ የኖርሽ ሴት፣ እንዴት ሳታዪው ቀረሽ? ሦስተኛው ውሃ ቀጂ ኢማም ባክሽ። ዐሥራ ሁለተኛው ልብስ አጣቢ ራም ባክሽ። የሁለቱም አባት ባክሽ ነው። ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። አንዱ ውሃ ያመጣል፣ አንዱ በውሃው ያጥባል። በአንድ ቤት አብረው አገልግለው፣ አሁን አንዱ ወዲህ ጫፍ አንዱ ወዲያ ጫፍ ተሰቅለዋል። ሚስ ኩርየን ስናወራ ይዘውን አልጋችንን በመኝታ ክፍሉ ዳርና ዳር ያደረጉብንን ዓመት አስታወሰኝ። ያን ጊዜ አንቺ ነበርሽ ያለቀስሽው፤ እኔ አይደለሁም።

እስኪ ፊታቸውን አይተሽ ጻፊልኝ።

ውብነሽ


ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውብነሽ እኅቴ፣

ልክ ነሽ። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍሁልሽ መቼ እንደሆነ አንቺው አስታውሺ። ያለቀስሽው ግን አንቺ ነበርሽ።

ደብዳቤሽን ቅዳሜ አገኘሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ሥዕሎች አውርጄ መመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። መነጽሬን ጠርጌ አየኋቸው። አፍንጫቸው አንድ ነው። ቅንድባቸው አንድ ነው። ሁለቱም ግራ እግራቸውን ትንሽ ቀደም አድርገው ነው የቆሙት፤ ከአንድ ቤት የወጣ ሰው አቋሙ አይጠፋም። አንድ ዓመት ሙሉ በፊታቸው ስመላለስ አለማየቴ አሳፈረኝ።

ከዚያ ምን አደረግሽ ብለሽ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። አንድ ላይ አደረግኋቸው። ራም ባክሽ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ እዚያ በስተቀኝ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚያወርዱ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ከጎኑ የነበረውን ፈረስ ጠባቂውን ናቱን አነሣሁና ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ወሰድሁት። በናቱ ቦታ ኢማም ባክሽን ሰቀልሁት። አሁን ትከሻ ለትከሻ ናቸው። አንዱ የአንዱን ጥላ የረገጠ ይመስላል።

ቅድስት ስትሰማ «ማሚ፣ የሰው ቤት እኮ ነው፣ ፐርሚሽን ጠይቀሻል?» አለችኝ። ሁለት ወንድማማቾችን ለማገናኘት ፈቃድ አይጠየቅም አልኋት።

ሚስስ ሎክዉድ በማግስቱ ስሞቹን እየጠሩ ናቱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ስሙን አልጠሩም። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ እጃቸውን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አስገባኋቸው። ተማሪ አዲስ ወንበር ሲሰጠው ሁለት ቀን ይደናገራል፤ በሦስተኛው ይለምዳል። ይለምዱታል።

ተከራይሽን ሰላም በይልኝ።

ሣህሊቱ


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፣

በችኮላ ነው የምጽፍልሽ፤ ሰላምታዬ ይቆየኝ። የጎረቤቴ የወንድም ልጅ ማቲያስ ከነገ ወዲያ ወደ እናንተ አገር ስለሚበር ይህን ይይዝልኛል።

ትናንት ተከራዬ ዶክተሩ ሻይ ሲጠጣ የስሞቹን ዝርዝር በማዕዶት እጅ በእንግሊዝኛ አስገልብጬ አሳየሁት። ደስ ብሎት አነበበ። ስለ ወንድማማቾቹ ሳስነግረው ግን ኩባያውን አስቀመጠ፤ ማዕዶት ወረቀት ላይ እየጻፈች የመለሰልኝ ይህን ነው። በአገሩ ሁለተኛው ስም እንደ እኛ የአባት ስም ነው ማለት አይደለም። ባክሽ የራሱ የሰውየው ስም ክፋይ ነው፤ ከላይ የተሰጠ እንደማለት። እኛ አገር ወልደ ሚካኤልና ወልደ ማርያም የሚባሉ ሁለት ሰዎችን የአንድ አባት ልጆች ናቸው እንደማለት ሆኖብናል። በዚያ ላይ ኢማም ባክሽ የእስላም ስም ነው፤ ራም ባክሽ የሂንዱ። በአንድ ማዕድ እንኳ የሚቀመጡ አይመስለኝም አለ። አፍንጫቸው አንድ የሆነውም ሠዓሊው አንድ ስለሆነ ነው አለ፤ የዐሥራ ሁለቱንም አፍንጫ ብታዪ አንድ ነው።

ስሕተቱ የእኔ ነው። አንቺ ያላሰብሽውን እኔ ነኝ ያሳሰብሁሽ። ሥዕሎቹን ወደየቦታቸው መልሺ። ሴትየዋ ናቱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ ያልሽው ከልቤ አልወጣም።

ማዕዶት «አሁኑኑ ፎቶ አንስቼ ልላክላቸው፣ አንድ ደቂቃ ነው» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኋት። ሕግሽን አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሩቅ አይደለም።

ውብነሽ


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውብነሽ፣

ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም። አሳምነው ካርቶኑን ገልብጦ አሳየኝ፤ የሰው ሁሉ ወረቀት አለ፣ የአንቺ የለም። አኩርፈሽ ከሆነ አኩርፌያለሁ ብለሽ ጻፊ።

ሚስስ ሎክዉድ ወደቁ። የካቲት አራት ቀን ጠዋት ነበር። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኙ፤ አሁን ነርሲንግ ሆም ገብተዋል። ወደ ቤታቸው አይመለሱም ተብሏል። ሄጄ አየኋቸው። ጣሪያውን ያያሉ እንጂ ሰው አያዩም። እንዴት እንደወደቁ አልጽፍልሽም። እኔ ወጥ ቤት እንቁላል እየቀቀልሁ ነበር። ለዛሬ ይህን ብቻ እወቂ።

ግራንት ቤቱን ሊሸጥ ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ በሰኔ ለጨረታ ይቀርባሉ። ባለፈው ሳምንት ከጨረታ ቤቱ ነጭ ጓንት ያደረገ ባለሙያ መጥቶ አንድ በአንድ አወረዳቸው። ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ካየሁ ቆይቻለሁ። የስሞቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ አስተካክዬ ጽፌ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በብዙ ቦታ እንዳሉ፣ የተሣሉት ሰዎች ስም የሚታወቀው ግን ከስንት አንዱ እንደሆነ ነገረኝ። ግራንት ከተስማማ በጨረታው መጽሐፍ ላይ «እንደ ቤተሰቡ ትውስታ» ተብሎ ከየሥዕሉ ሥር ስማቸው ይታተማል። ግራንት ተስማምቷል።

ውብነሽ፣ ስማቸው ሊታተም ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ማንም ሊያነበው ነው። ለሚስስ ሎክዉድ ከዚህ ሌላ የማደርግላቸው የለኝም፤ ይህን ግን አደርጋለሁ።

ሁለቱ ወንድማማቾች እንዳይለያዩ፣ ለአንድ ገዢ እንዲሸጡም ለባለሙያው አጥብቄ ነገርሁት። ቀና ብሎ አየኝና በእርሳስ አንድ ነገር ጻፈ።

ጻፊልኝ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውብነሽ እኅቴ፣

የጥር ሃያ ስምንቱ ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ማቲያስ መጀመሪያ ያረፈው ዋሽንግተን እኅቱ ዘንድ ነው፤ እዚያው ሥራ ይዞ ከረመ። አሁን ወደዚህ ሲዛወር ከካፖርቱ ኪስ አገኘው። «ሶሪ እትዬ፣ ጭራሽ ረስቼው» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ልቆጣው አልቻልሁም። እሱን በደብዳቤ ተላላኪነት ያሰማራሁት እኔ ነኝ። አሳምነው ሱቅ ቆሜ አነበብሁትና ወንበር ጠየቅሁ።

እንዴት እንደወደቁ አሁን እጽፍልሻለሁ። በየካቲት ስጽፍልሽ የደበቅሁሽ አንቺን ላለማሳዘን አልነበረም፤ በእጄ ጽፌ ላነበው ስላልቻልሁ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ብቻቸውን ተነሥተዋል። መታጠቢያ ቤት ነበር የፈለጉት። ናቱን አለፉት። ኢማም ባክሽን እስኪያዩ ድረስ ሄዱ፤ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄዱ። አገኙት። ዘጠና ዓመት እንዳደረጉት እሱ ካለበት ወደ ቀኝ ዞሩ። እኔ እሱን ባቆምሁበት ቦታ በስተቀኝ ያለው በር አይደለም፣ ደረጃው ነው። ሮጬ ስደርስ ስሙን እየጠሩ ነበር። የእኔን አይደለም፣ የእሱን። ውሃ ቀጂው አሳሳተኝ ብለው አስበው ይሆን? ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ቀኖቹን ቆጠርኋቸው። ማዕዶት ፎቶ አንስታ ብትልክልኝ ኖሮ ጥር ሃያ ስምንት ይደርሰኝ ነበር። በጥር ሃያ ዘጠኝ ሥዕሎቹን እመልስ ነበር። እሳቸው የወደቁት የካቲት አራት ነው። አምስት ቀን ይተርፈኝ ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ተማሪዬ ሳትሆኚ ታዘዝሽኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው ያልሽውን ስለዚህ አልቀበልሽም።

ግራንት አያውቅም። እናቱ ተደናግራ እንደዞረች ነው የሚያምነው፤ ሐኪሞቹም እንዲሁ ጻፉ። አሁን የጨረታ ቤቱ ባለሙያ አንድ እስላምና አንድ ሂንዱ እንዴት ወንድማማቾች ይሆናሉ ብሎ ጠይቆታል። ስለዚህ ስሞቹ ከመታተማቸው በፊት ግንቦት ዐሥራ ሁለት ቢሮው ሄጄ አንድ ወረቀት እንድፈርም ግራንት ጠራኝ። ረቂቁን ልኮልኛል። ስሞቹን ከእናቱ አፍ እንደሰማሁ፣ ከራሴ ምንም እንዳልጨመርሁ፣ በሥዕሎቹ ላይ ምንም እንዳልነካሁ ይላል።

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሌሎቹ አይደሉም። ወንድማማችነታቸውን ጨምሬያለሁ፤ ሥዕሎቹን ነክቻለሁ። ከፈረምሁ ዐሥራ ሁለቱ ስማቸው ይታተማል፤ ሚስስ ሎክዉድም በራሳቸው ድንግርግር እንደወደቁ ይቀራል። ከተናገርሁ ከእንግዲህ እኔ የሰጠሁትን ዝርዝር ማን ያምናል? የሚያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ የለም።

ቅድስት አንድ ቃል አትናገሪ ብላኛለች። «ማሚ፣ ሎየር ሳትይዢ አፍሽን እንዳትከፍቺ።» የምትፈራልኝ ለእኔ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው።

ሣህሊቱ


ደሴ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሣህሊቱ፣

ይህ በቴሌግራም ነው የሚመጣልሽ። ሕግሽን ጥሻለሁ፤ ትናንት ነው ደብዳቤሽ የደረሰኝ፣ ቀጠሮሽ ነገ ነው። ማዕዶት ስልኳን ይዛ ከጎኔ ቆማለች፣ እስክጨርስ እየጠበቀች።

ፈርሚ። እለምንሻለሁ፤ ለምኜሽ አላውቅም። ሴትየዋ ወድቀዋል፤ ብትናገሪ አይነሡም። ልጃቸው የሚያገኘው ሐዘን ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ግን ከአንቺ ሌላ ሰው የላቸውም። ያን መኮንን አልፈውት፣ ያችን ሕፃን አሳድገዋት፣ ስማቸው አምስት ትውልድ ተሻግሮ አንቺ ደጅ ደርሷል። በራሳችን ስሕተት አንቅበራቸው። ኃጢአት ከሆነ እኔም ተካፍዬ እወስዳለሁ።

መልእክቱ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት አለ ትላለች ማዕዶት። እሱን እየጠበቅሁ ነው።

ውብነሽ


ሎስ አንጀለስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውብነሽ እኅቴ፣

ከሁለት ወር በላይ ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝምታዬ ቅጣት አልነበረም ብዬ ልጀምር፤ ተቆጥታኝ ነው ብለሽ ለማዕዶት መናገርሽን ቅድስት ነገረችኝ። አልተቆጣሁሽም።

መልእክትሽ ደርሶኝ ነበር። ቅድስት ከግራንት ቢሮ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ስልኳን ሰጠችኝ። የእጅ ጽሕፈትሽን በመስታወት ውስጥ አየሁት፤ ትንሽ ሆኖ፣ ሲነኩት ይሸሻል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ አንዱንም ማፍረስ አልቻልሁም። ከዚያ ከመኪናው ወርጄ ገባሁና ተናገርሁ።

ከዚያ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ ለምን ተናገርሽ ብለሽ ጠይቀሻል። የተሻለ መልስ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ረቂቁ ፊቴ ተቀመጠ፤ ብዕር ተሰጠኝ፤ «ምንም አልነካሁም» የሚለው መስመር ላይ እጄ አልሄድ አለ። ሚስ ኩርየን ያላነበቡትን ወረቀት እንኳ አይፈርሙም ነበር። ዐሥራ ሁለቱን አስቤ መፈረም ነበረብኝ። እያሰብኋቸው ነው ያልፈረምሁት። ከዚህ የተሻለ ልነግርሽ አልችልም።

ግራንት አልጮኸም። ረቂቁን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሥዕሉ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ እናቴ አትወድቅም ነበር?»

«አይወድቁም ነበር» አልሁት።

ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ አለና ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። በሳምንቱ ከጠበቃው ደብዳቤ መጣ፤ እናቱን ዳግመኛ እንዳልጎበኝ ይላል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ አጽፍ ነበር። የጨረታ ቤቱ ባለሙያም በትሕትና ጻፈልኝ። የምንጩ ተአማኒነት በመጓደሉ ዝርዝሩን መጠቀም እንደማይችሉ፣ ስለ ድካሜ ግን እንደሚያመሰግኑ ገለጸ። ዋናውን ወረቀት መልሶልኛል፤ በንጹሕ ፖስታ ውስጥ፣ ሳያጣጥፈው።

ጨረታው በሰኔ ተካሄደ። ቅድስት መጽሐፉን በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። «ውሃ ቀጂ። ሠዓሊው ያልታወቀ። የተሣለው ሰው ያልታወቀ።» ቀጥሎ ልብስ አጣቢው፣ እንዲሁ። እንዲህ እያለ ዐሥራ ሁለት ጊዜ። ለየብቻ ተሸጡ። ራም ባክሽ ወደ የት እንደሄደ አልተጻፈም። ኢማም ባክሽን የገዛው ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ሰው ነው ይላል።

ቤቱም ተሸጠ። አንድ ቀን በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ መስኮቶቹ ተነቅለው አየሁ።

ሚስስ ሎክዉድ ስለ እኔ ይጠይቃሉ ወይ ብለሻል። አይጠይቁም። ይህን የማውቀው ከዘሪሁን ነው። ዘሪሁን በዲቪ የመጣ ልጅ ነው፤ እሳቸው ባሉበት ነርሲንግ ሆም ይሠራል፤ ቅዳሜ አሳምነው ሱቅ በርበሬ ሲገዛ ተገናኘን። ደህና ናቸው ወይ ብዬ ከመጠየቅ ሕግ አይከለክለኝም። ይበላሉ አለኝ። ዝምተኛ ናት አለኝ። ቀጥሎ እንደ ቀልድ አድርጎ የነገረኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«ብቻ እትዬ፣ እኔን ኢማም ምናምን ትለኛለች።»

«መቼ ነው የሚሉህ?»

«ውሃ ሳመጣላት። ጠዋት ጠዋት ጆጉን ይዤ ስገባ፣ በቃ፣ ያኔ ብቻ። ምሳ ሳመጣ አትልም፤ አልጋ ሳነጥፍም አትልም።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«መጀመሪያ ኖ፣ ዘሪሁን ነው ስሜ እላት ነበር። አለቀሰች። ሶ ተውኩት፤ አሁን ዝም ነው።»

ውብነሽ፣ እኔ ያንን ሥዕል ከቦታው አንስቼው፣ ግራንት ሸጦት፣ የማይታወቅ ሰው ገዝቶት፣ እሳቸው ዘንድ ግን አሁንም ውሃ የሚያመጣው ኢማም ባክሽ ነው። ስሙ እውነት ነበር። ሁሉም እውነት ነበሩ። ይህ ለጨረታ ቤቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ለማንም አይሆንም። አእምሮዋ የሄደ አሮጊትና አንድ ጆግ ውሃ ነው።

ለዘሪሁን የኢማም ባክሽን ሙሉ ስም አስተማርሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምሁት፤ አሳምነው በሳቅ ሞተ። ሲጠሩህ ዝም አትበል፣ በጥሩ አማርኛ መልስ፣ አይገባቸውም ብለህ አትተው አልሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ከበሩ ሲገባ ጠየቅሁት።

«እንዳሉኝ አደረግሁ። ኢማም ባክሽ ስትለኝ አቤት እላታለሁ።»

«እላቸዋለሁ በል።»

«አቤት እላቸዋለሁ። ዝም ብላ ውሃዋን ትጠጣለች።»

ቤት ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። ዝርዝሩን ገለጥሁና ከሦስተኛው ስም ፊት «አለ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። አልጻፍሁም። አቤት ያለው ዘሪሁን ነው።

ሣህሊቱ